ትልልቅ ውሾች ላይ የሚደርስ የጭራ ጉዳት፦ ጅማ ውስጥ ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በጅማ ግቢዎች ለጥበቃ የሚያድጉ ትልልቅ ውሾች፣ ጀርመን ሼፐርድም ይሁኑ ሮትዋይለር ወይም ከአገር ውሻ የተዳቀሉ ክልሶች፣ ጭራቸው ሲቆስል ጉዳዩ ከቁም ነገር የሚቆጠረው ዘግይቶ ነው። ቁስሉ ትንሽ ስለሚመስል ባለቤቱ ይደርቃል ብሎ ይተወዋል፤ አለዚያም ቡና ነስንሶ በጨርቅ ጠፍሮ ያስረዋል። በሁለቱም መንገድ በጥቂት ሳምንታት ሊድን ይችል የነበረ ስንጥቅ ወራት ይፈጅና ጭራውን እስከ ማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የሐኪምን ምርመራ አይተኩም፤ ሐኪም ዘንድ እስኪደረስና ከሐኪም ከተመለሱ በኋላ ቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባውን ግን በዝርዝር ያሳያሉ።

የውሻዬ የጭራ ጫፍ በየጊዜው ይደማል፤ የበረንዳው ግድግዳም በደም ተረጭቶ አገኘዋለሁ። ማን መትቶት ይሆን?

ብዙውን ጊዜ ማንም አልመታውም፤ ያቆሰለው የራሱ ደስታ ነው። ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ ወይም ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመጡ ውሻው ጭራውን በኃይል ይቆላል፤ ጫፉም ከብሎኬት ግድግዳ፣ ከላሜራ በር ወይም ከበረንዳ ምሰሶ ጋር እየተላተመ ቆዳው ይሰነጠቃል። የውሻ ጭራ የአከርካሪው ቀጣይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ 20 ያህል ትናንሽ አጥንቶች አሉት። ወደ ጫፉ በተጠጋ ቁጥር አጥንቶቹ ይቀጥናሉ፣ ጡንቻውና ስቡ ይጠፋል፣ መጨረሻ ላይም አጥንቱን የሚሸፍነው ስስ ቆዳ ብቻ ይቀራል። ከግድግዳ ጋር ሲላተም ምቱን የሚያበርድለት ሥጋ የለውም ማለት ነው።

ይህን ቁስል አስቸጋሪ የሚያደርገው ስፋቱ አይደለም። ቀን ቅርፊት ይዞ የዋለው ስንጥቅ ማታ ባለቤቱ በሩን ሲከፍት እንደገና ይመታና ቅርፊቱ ይወልቃል፤ ደሙም ከሚወዛወዘው ጫፍ ወደ ግድግዳውና ወደ ሰው ልብስ ይረጫል። ጫፉ ላይ የሚደርሰው የደም ዝውውር ከሌላው የሰውነት ክፍል ያነሰ ስለሆነ ቁስሉ ለመሙላት ጊዜ ይወስዳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አያገኝም። ግድግዳው ላይ ደም ያዩ ባለቤቶች ጎረቤትን ወይም ዘበኛውን ሲጠረጥሩ ይታያል። ደሙ የተረጨው በውሻው ጭራ ከፍታ ከሆነ ግን ጥርጣሬውን ወደ ግድግዳው ማዞር ይሻላል።

ከውሾች መካከል ይበልጥ የሚጋለጡት የትኞቹ ናቸው?

ጭራቸው ረጅምና ቀጭን፣ ጸጉራቸው አጭር፣ ጠባያቸውም ተጫዋች የሆኑት ናቸው። ላብራዶር፣ ግሬት ዴን፣ ግሬይሃውንድ፣ ዳልሜሺያንና ጭራው ያልተቆረጠ ዶበርማን በዚህ ይታወቃሉ። የጀርመን ሼፐርድን ጭራ ጥቅጥቅ ያለው ጸጉሩ በመጠኑ ይከላከልለታል፤ በር መሃል ከመቀርቀር ግን አያድነውም። ከዘሩ ባልተናነሰ የሚወስነው የሚኖርበት ቦታ ነው፤ ጠባብ በሆነ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚውል ክልስ ሰፊ ግቢ ካለው ላብራዶር የበለጠ ሊቆስል ይችላል።

ደሙ አልቆም ብሏል። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ውሻውን ያረጋጉ፤ ከተቻለ አንድ ሰው ራሱን ይያዝ፣ ሌላው ጭራውን። ሲያመው የገዛ ባለቤቱን የማይነክስ ውሻ እምብዛም ስለሌለ፣ ካላስመለሰውና ትንፋሹ ካልተቸገረ አፉን በፋሻ ወይም በነጠላ ቁራጭ ላላ አድርጎ ማሰር ተገቢ ነው። ከዚያም ንጹሕ ጎዝ ወይም የታጠበ የጥጥ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርገው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሳያቋርጡ ይጫኑ። በየደቂቃው ገለጥ እያደረጉ ማየት መርጋት የጀመረውን ደም ስለሚያስነሳው ትዕግሥት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጨርቅ በደም ከራሰ ሳያነሡት በላዩ ሌላ ይጨምሩበት።

ጭራውን ከላይ በገመድ፣ በሲባጎ ወይም በላስቲክ ማሰር ክልክል ነው። ደሙን ያቆመው የመሰለው ማሰሪያ ከታቹ ያለውን ሥጋ ደም ያሳጣዋል፤ ከጸጉር ሥር ተደብቆ ከተረሳ ደግሞ ጭራው ጠቁሮና ቀዝቅዞ ይሞታል። ከ10 ደቂቃ ጭነት በኋላም ደሙ የሚፈስ ከሆነ፣ አጥንት ከታየ ወይም ቆዳው እንደ ጓንት ከተገፈፈ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

በአካባቢያችን ለሰውም ሆነ ለከብት ቁስል የተፈጨ ቡና ይነሰነሳል። ለውሻውስ ባደርገው?

ቡና በሞላበት አገር ይህ ጥያቄ መምጣቱ አያስገርምም፤ መልሱ ግን አይሆንም ነው። ዱቄቱ ደሙን ለጊዜው ያረጋው ይመስላል፤ ነገር ግን ንጹሕ ያልሆነ ባዕድ ነገር ስለሆነ ቁስሉ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፣ ሐኪሙም ቁስሉን አጥቦ ለማየት ይቸገራል። ከዚህ የሚብሰው ውሻው ቁስሉን የሚልስ መሆኑ ነው። ቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን የውሻ ሰውነት እንደ ሰው አይችለውም፤ በርከት ያለ መጠን ከዋጠ ማስመለስ፣ መቅበጥበጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና መንቀጥቀጥ ሊያስከትልበት ይችላል። በነጭ ጋዝ፣ በተቃጠለ የሞተር ዘይትና በባትሪ ዱቄት ላይ ደግሞ ክርክር ሊኖር አይገባም፤ ሁሉም ሥጋን ይመርዛሉ።

ታዲያ ቁስሉን በምን ልጠበው?

ግማሽ ሊትር ውኃ አፍልተው ያቀዝቅዙና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩበት፤ ይህ በቂ ነው። ቁስሉን በዚህ ውኃ እያፈሰሱ ወይም ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ያለ መርፌ እየተጠቀሙ ቆሻሻው እስኪወጣ ያጥቡት። ፖቪዶን አዮዲን ካለ መልኩ ቀጭን ሻይ እስኪመስል ድረስ በውኃ አቅጥነው መጠቀም ይቻላል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግን ጀርሙን ብቻ ሳይሆን አዲስ የሚበቅለውን ሥጋም ስለሚጎዱ በየቀኑ የሚታጠብ ቁስል ላይ አይፈሰሱም። የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን መነስነስ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ዱቄቱ ከቁስሉ ፈሳሽ ጋር ተጋግሮ መግሉን ከሥሩ ይዘጋዋል እንጂ አያድነውም፤ መድኃኒቱን ያለ ልክ መጠቀምም ጀርሞቹ እንዲለማመዱት ያደርጋል።

ፋሻው በአንድ ሌሊት ወልቆ ይጠፋል። እንዴት ነው የሚታሰረው?

የጭራ ፋሻ ለባለሙያም ቢሆን አስቸጋሪ ነው፤ ጭራው ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ስለሆነ ፋሻው በራሱ ክብደትና በመወዛወዙ ተንሸራቶ ይወጣል። ሰዎች ይህን ሲያዩ አጥብቀው ማሰር ይጀምራሉ። ብዙ ጭራ የሚበላሸው በመጀመሪያው ቁስል ሳይሆን በዚህ ማሰሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፋሻው እንዳይወልቅ የሚረዳው ጥብቀት ሳይሆን ርዝመት ነው። ቁስሉ ጫፉ ላይ ቢሆንም ፋሻው ከቁስሉ በላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ሥሩ መውጣት አለበት። በመጀመሪያ የታጠበው ቁስል ይደርቅና ቫዝሊን በስሱ የተቀባ ጎዝ ይሸፈንበታል፤ ይህ ጎዙ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ በሚቀየርበት ጊዜ አዲሱን ሥጋ እንዳይነቅለው ይረዳል። በላዩ ጥጥ በስሱ ይደረግና ከጫፍ ወደ ላይ በሚሄድ አቅጣጫ በፋሻ ይጠቀለላል። ፕላስተሩ ግን በዙሪያው እንደ ቀለበት አይዞርም፤ ጸጉሩን እየያዘ አግድም እየተጠላለፈ ይወጣል፣ የመጨረሻውም ቁራጭ ግማሹ በፋሻው ላይ፣ ግማሹ በጸጉሩ ላይ ያርፋል። ታስሮ ሲያልቅ ትንሿ ጣት በላይኛው ጠርዝ በኩል ያለ ችግር መግባት አለባት።

ፋሻ ብቻውን ደምን ይይዛል እንጂ ምትን አይከላከልም። ስለዚህ በላዩ ጠንከር ያለ ከለላ ያስፈልጋል። ባለ 60 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ውጫዊ ቱቦ ለአብዛኞቹ ጭራዎች ይበቃል፤ እሱ ከጠበበ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱና ቂጡ ተቆርጦ ሊያገለግል ይችላል። ጎኑ ላይ አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ይበሱለት፤ የተቆረጠው ጠርዝ ስለት ስለሚሆን በፕላስተር ይሸፈን። የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ በፋሻው ዙሪያ መጠቅለልም ይሠራል፤ ክብደቱ ከፕላስቲኩ ስለሚያንስ ውሻው ቶሎ ይለምደዋል።

ፋሻው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቀኑ፣ ቁስሉ መድረቅ ሲጀምር ደግሞ በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ይቀየራል። ከረጠበ ግን ተራውን አይጠብቅም። ጅማ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቧ የማያባራ ከተማ ስለሆነች ይህ ነጥብ ከሌላ ቦታ ይልቅ እዚህ ይከብዳል፤ እርጥብ ፋሻ ሥር የዋለ ቆዳ ይነጣል፣ ይላጣል፣ ይሸታል። ውሻው ለሽንት ሲወጣ የፌስታል ከረጢት ማልበስ ይቻላል፤ ሲመለስ ግን ወዲያውኑ ሊወልቅ ይገባል። ከፋሻው በላይ ያለው የጭራ ክፍል ካበጠ፣ ጫፉ ከቀዘቀዘ፣ ክፉ ሽታ ካመጣ ወይም ውሻው ድንገት ፋሻውን መናከስ ከጀመረ ፈትቶ ማየት ነው።

ቁስሉን እየላሰ አስቸገረኝ፤ ምራቁ መድኃኒት ነው ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። የውሻ አፍ በጀርም የተሞላ ነው፣ ምላሱም ሻካራ ስለሆነ አዲሱን ቆዳ ያነሣዋል። አንገቱ ላይ የሚጠለቅ የፕላስቲክ ከለላ ካልተገኘ ቂጡ የተቆረጠ ባልዲ ጠርዙ በጨርቅ ተሸፍኖ በአንገት ማሰሪያው ላይ ሊታሰር ይችላል። የትልቅ ውሻ ጭራ ረጅም ስለሆነ ከለላው ከአፍንጫው አልፎ መውጣቱን ያረጋግጡ፤ አለዚያ በጎን በኩል አጥፎ ይደርስበታል።

ለሕመሙ የሰው ማስታገሻ ብሰጠውስ?

አይስጡት። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ሊያቆስሉና ኩላሊቱን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ፓራሲታሞልም ከልኩ ሲያልፍ ጉበቱን ይመርዛል። ለውሻ የሚሆኑ ማስታገሻዎች፣ ለምሳሌ ሜሎክሲካም፣ በኪሎው ተሰልተው በሐኪም ይታዘዛሉ።

ምንም ቁስል የለውም፤ ነገር ግን ጭራው ከትናንት ጀምሮ ሞቶ ተንጠልጥሏል። ምን ነካው?

ውሻው ቀደም ባለው ቀን ረጅም ሩጫ ሮጦ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ወይም ዋኝቶ፣ አለዚያም ጠባብ ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ረጅም መንገድ በመኪና ተጉዞ ከሆነ ምናልባት የጭራው ሥር ጡንቻዎች ተጎድተው ይሆናል። እንዲህ ያለው ጭራ ከሥሩ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ ይወጣና ከዚያ በኋላ ይወድቃል፤ ሥሩን ሲነኩት ውሻው ያለቅሳል፣ ለመቀመጥም ይቸገራል። ላብራዶርና ለአደን የሚያገለግሉ ውሾች ላይ ይበልጥ ይታያል። እሑድ እሑድ ውሻቸውን ወደ ጅሬን ዳገት ይዘው የሚወጡና ሲመለሱ በቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ የሚያጥቡ ሰዎች ሰኞ ጠዋት እንዲህ ያለ ጭራ ቢያዩ ምክንያቱን ሩቅ መፈለግ የለባቸውም።

ሕክምናው ዕረፍት ነው። ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ ጭራው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሕመሙ ከበረታ ሐኪሙ ማስታገሻ ሊጨምርለት ይችላል። ሆኖም የተሰበረ ጭራም፣ የፊንጢጣ ዕጢ መታመምም፣ የወገብ አከርካሪ ችግርም በተመሳሳይ መልክ ሊታዩ ስለሚችሉ በሁለትና ሦስት ቀን መሻሻል ያላሳየ ውሻ ሊመረመር ይገባል።

ጭራው በር ላይ ተቀረቀረ። መሰበሩን በምን አውቃለሁ?

ስብራት ያለበት ቦታ ያብጣል፣ ጭራው ከመስመሩ ወጥቶ ይጣመማል፣ ሲነካም ውሻው ይጮኻል። እርግጠኛ የሚያደርገው ራጅ ብቻ ነው። ከጫፉ አጠገብ የሆነ ስብራት ቆዳው ካልተቀደደ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይገጥማል፤ ምናልባት ትንሽ ቆልመም ብሎ ይቀር ይሆናል፣ ይህም ውሻውን አይጎዳውም።

የሚያሰጋው በሥሩ በኩል የሚደርሰው ጉዳት ነው። ባጃጅ ጭራው ላይ ሲሄድበትና ውሻው ለማምለጥ ሲጎትት፣ ወይም ልጆች ጭራውን ይዘው በኃይል ሲጎትቱት፣ አጥንቱ ብቻ ሳይሆን በዚያ የሚያልፉት ነርቮችም ይለጠጣሉ ወይም ይበጠሳሉ። እነዚህ ነርቮች ሽንትንና ሰገራን ከሚቆጣጠሩት ጋር በአንድ አካባቢ የሚወጡ ናቸው። ስለዚህ ከአደጋ በኋላ ጭራው ቢቆነጥጡትም የማይሰማው ከሆነ፣ ሽንቱ የሚንጠባጠብ ወይም ጨርሶ የማይወጣ ከሆነ፣ ሰገራውንም መቆጣጠር ካቃተው ጉዳዩ የጭራ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ ለነገ ሳይሉ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መውሰድ ግድ ነው። ሽንቱ ሳይወጣ የቆየ ፊኛ ይለጠጥና ነርቩ ቢያገግም እንኳ መሥራት ያቅተዋል።

ሌሊት ከጅብ ጋር ተናክሶ፣ ወይም ሌላ ውሻ ነክሶት ጭራው ቆስሏል። ይህ ከሌላ ቁስል ይለያል?

በእጅጉ ይለያል። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን የሚገኝ በሽታ ነው፤ የሚተላለፈውም በተነከሰ ቁስል ውስጥ በሚገባ ምራቅ ስለሆነ ውሻም ጅብም ሊያስተላልፉት ይችላሉ። ቁስሉን ጓንት ወይም ፌስታል በእጅዎ አጥልቀው በሳሙናና በብዙ ውኃ ያጥቡ። ውሻው ቀደም ሲል ተከትቦ ከሆነ ወረቀቱን ይዘው ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ የማጠናከሪያ ክትባት ያስፈልገዋል። ተከትቦ የማያውቅ ከሆነ ከልጆችና ከሌሎች እንስሳት ተለይቶ ይታሰርና ቀጣዩን ሐኪሙ ይወስን።

ውሻው በዚህ መሃል ሰውን ከነከሰ ወይም ምራቁ የሰው ቁስል ከነካ የተነካውን ቦታ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ጤና ተቋም መሄድ ነው። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚያድነው መድኃኒት የለም፤ ክትባቱ የሚረዳው ከዚያ በፊት ነው። የጭራውን ቁስል ማከም በዚህ ሁኔታ ሁለተኛ ጉዳይ ይሆናል።

ቁስሉ ውስጥ ትል አየሁ። ምን ይደረጋል?

ዝንብ ክፍት ቁስል ላይ የጣለችው ዕንቁላል በሞቃት ቀን 24 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሊፈለፈል ይችላል። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ጸጉር ይቁረጡ፣ በጨው ውኃ ደጋግመው ያጥቡ፣ የሚታየውን ትል በቆንጢጣ ያውጡ። የማይታየው ስለሚበልጥ ግን ሐኪም ሊያጸዳው ይገባል። ለከብት የተገዛ አይቨርሜክቲን ቤት ውስጥ ቢኖርም ለውሻው አይስጡት፤ መጠኑ ፈጽሞ የተለየ ነው፣ አንዳንድ ዘሮች፣ በተለይ ኮሊና ከእሱ የተዳቀሉት፣ በትንሽ መጠንም ሊመረዙ ይችላሉ።

ማንም ሳይነካው ራሱ የጭራውን ሥር እያኘከ ያቆስላል።

ከሁሉ በፊት ቁንጫ ይፈልጉ። ከጭራው ሥር በላይ ያለው የጀርባ ክፍል ቁንጫ የሚወደው ቦታ ነው፤ ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያለበት ውሻ በጥቂት ንክሻ ብቻ ራሱን እስኪያደማ ያኝካል። ቁንጫ ከሌለ የፊንጢጣ ዕጢዎቹ ሞልተው ይሆናል፤ መቀመጫውን መሬት ላይ የሚጎትት ከሆነ ምልክቱ ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻም ከመሰልቸት የተነሣ ጭራውን ማሳደድና ማኘክ ሊለምድ ይችላል፤ ለዚህኛው የሚታዘዝ ቅባት የለም፣ መፈታትና መንሸራሸር እንጂ።

ከሰል ላይ ጭራው ተቃጠለ።

ቡና በሚፈላበት ሰዓት ውሻ በረከቦቱና በምድጃው መሃል ሲያልፍ የሚደርስ ነገር ነው። ለ10 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ያፍስሱበት፤ በረዶ፣ ቅቤና የጥርስ ሳሙና አይቀቡት። ቆዳው ከነጣ፣ ከጠቆረ ወይም ውኃ ከቋጠረ ሐኪም ይየው። ከዚያ በኋላ ቡና በሚፈላበት ክፍል ትልቅ ውሻ አይግባ።

እንዳይደገም ግቢዬ ላይ ምን ልለውጥ?

አብዛኛው ሥራ ያለው እዚህ ነው፤ ሐኪሙ ያዳነውን ጭራ ያው ግድግዳ በሳምንቱ ይሰነጥቀዋልና። መጀመሪያ ደሙ የተረጨበትን ቦታ ይመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ከበሩ ጀርባ ያለ ጠባብ መተላለፊያ፣ የበረንዳ ማዕዘን ወይም የውሻው የራሱ ቤት ሆኖ ይገኛል። ውሻው የሚያድርበት ቤት ቆሞ ሲዞር ጭራው ግድግዳውን የማይነካበት ስፋት ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ካልሆነ የውስጥ ግድግዳው በውሻው ጭራ ከፍታ በስፖንጅ፣ በአሮጌ ምንጣፍ ወይም በጆንያ ይሸፈን። የቡና ጆንያ ጅማ ውስጥ የሚቸግር ዕቃ አይደለም፤ ሲቆሽሽም ይቀየራል። ወደ ውስጥ የወጡ የቆርቆሮ ጠርዞችና ሚስማሮች ይታጠፉ፤ ጭራው በሚደርስበት ቦታ ያለ እሾሃማ ሽቦ ይነሣ።

ቀጥሎ ሰላምታው ይለወጥ። ውሻውን በበሩ ጥበት ውስጥ ማቀፍና ማሻሸት ትቶ ዝም ብሎ ወደ ሜዳው ማለፍ፣ እዚያ ደርሶ መጫወት ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ካልተባበረ ይህ አይሠራም፤ አባት የተጠነቀቀውን ልጅ ሮጦ ያፈርሰዋል። የላሜራ በር በንፋስ ተወርውሮ እንዳይዘጋ መያዣ ይሠራለት፤ በሩን የሚዘጋ ሰውም የውሻው ጭራ ማለፉን አይቶ ይዝጋ። የመኪና በርም እንዲሁ።

ቡችላ ሳለ ማስቆረጥ አይሻልም? ጭራው የተቆረጠ ውሻ ኃይለኛ ይሆናል ይባላል።

ጭራ መቁረጥ ውሻን ኃይለኛ አያደርግም። ጭራ ውሻው ፍርሃቱን፣ ቁጣውንና ወዳጅነቱን ለሌሎች ውሾች የሚገልጥበት አካሉ ስለሆነ፣ የተቆረጠበት ውሻ ሐሳቡ ሳይገባቸው ከሌሎች ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ ከዚህ ውጪ በጠባዩ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። ለመከላከያ ይሆናል የሚለው ክርክር እንኳ ሲመዘን ይቀልላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በብሪታንያ የታተመ ሰፊ ጥናት የጭራ ጉዳት ከ1,000 ውሾች መካከል ከ2 እስከ 3 በሚሆኑት ላይ ብቻ እንደሚደርስ፣ አንድ ጉዳት ለመከላከልም 500 ያህል ውሾች ጭራቸው መቆረጥ እንደሚኖርበት አስልቷል። ቡችላን በምላጭ ያለ ማደንዘዣ መቁረጥ ደግሞ ደም መፍሰስና ቁስል ማመርቀዝን የሚያስከትል ጭካኔ ነው።

ጅማ ውስጥ ሐኪም ዘንድ ስወስደው ምን ይዤ ልሂድ?

ከተማችን ለዚህ ከብዙ ከተሞች የተሻለች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረው የዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የእንስሳት ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው እዚሁ ነው። ሆኖም በየወረዳውና በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው መድኃኒት አብዛኛው ለከብት ታስቦ የመጣ ስለሆነ፣ ከመሄድዎ በፊት ስልክ ደውለው የታመመው ውሻ መሆኑን፣ ግምታዊ ክብደቱንና ቁስሉ የት እንዳለ ይናገሩ። የክትባት ወረቀቱን፣ ቤት ውስጥ የተሰጠውን መድኃኒት ካለ ከነማሸጊያው ይያዙ። በባጃጅ ሲሄዱ አፉ ይታሰር፤ ጭራው ወደ ውጭ እንዳይወጣ በፎጣ ይጠቅለል።

ሐኪሙ ጭራው መቆረጥ አለበት ብሏል። ተስፋ ቆርጦ ነው?

አይደለም። በደንብ ታስሮ፣ ቦታው ተስተካክሎ፣ ለሳምንታት ተጠብቆ ያልዳነ ጫፍ፣ ወይም አጥንቱ የተጋለጠና የሞተ ጭራ ሲኖር መቁረጡ ውሻውን ከዘለቄታ ስቃይ የሚያወጣው መንገድ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ባለቤቶች ውሳኔውን የሚያዘገዩት ለውሻው መልክ ሲሉ ነው፤ በዚያ መሃል ጀርሙ ወደ አጥንቱ ይገባና ከጫፉ ጥቂት ጣት ብቻ ይቆረጥ የነበረው እስከ ግማሹ ይደርሳል።

ቀዶ ሕክምናው በሙሉ ማደንዘዣ ይደረጋል፤ ውሻው ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ እንዳይበላ ሐኪሙ ሊያዝ ይችላል። ቁርጡ በቁስሉ ላይ ሳይሆን ከቁስሉ በላይ ጤነኛ ቆዳ ባለበት፣ በሁለት አጥንቶች መገጣጠሚያ በኩል ይሆናል፤ ይህም ቆዳው ሳይወጠር አጥንቱን እንዲሸፍን ነው። ሐኪሙ አሳጥሮ ሊቆርጠው ቢፈልግ አይከራከሩት፤ ረጅም የተተወ ጭራ ያንኑ ግድግዳ መልሶ ይደርስበታል። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት ይወጣል፤ እስከዚያ ድረስ የአንገት ከለላው አይወልቅም፣ ገላውም አይታጠብም። ስፌቱ ከወጣ በኋላም አዲሱ ቆዳ እስኪጠነክር ድረስ ለጥቂት ሳምንታት የጆንያው መሸፈኛ ግድግዳው ላይ ይቆይ፤ ውሻው የቀረውን ጭራ እንደ ቀድሞው መቁላቱን አይተውም።